የገዛነው ጌም የማን ነው?

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን የቀረበ፤ ለኅትመት እንዲመች መጠነኛ ማስተካከያ ተደርጎበታል)



ለዛሬው ዝግጅታችን መነሻ የሆነን አንድ ወንድማችን ያጫወተን ገጠመኝ ነው። የባለቤቱ ወንድም ከጅዳ ለእረፍት ሲመጣ ለልጆቹ የቪዲዮ ጌም መጫወቻ ይዞላቸው ይመጣል። ልጆቹ በደስታ እንቅልፍ አጡ። በማግስቱ አባት መርካቶ ወርዶ ያገለገለ የእግር ኳስ ጌም ዲስክ በደህና ዋጋ ገዝቶ ይመለሳል። ዲስኩን አውጥቶ የሚገባበትን ቦታ ቢፈልግ ቢፈልግ የለም። መጫወቻውን ገለበጠው፣ ዞሮ ከኋላው አየው፣ በባትሪ መብራት ሳይቀር ፈተሸው። በመጨረሻ የ11 ዓመቱ ልጁ አዘነለትና፣ «አባዬ፣ ይሄኛው እኮ ዲስክ አይቀበልም፤ ጌሙ ከኢንተርኔት ነው የሚገዛው» አለው።

ወንድማችን ይህን ሲነግረን እየሳቀ ነበር። ሳቁን ሲጨርስ ግን አንድ ጥያቄ አስከተለ። «ዲስኩን ስገዛ ዲስኩ እጄ ገባ። ከኢንተርኔት ስገዛ ግን እጄ የሚገባው ምንድን ነው?» ጥያቄው መጀመሪያ ቀላል መስሎን ነበር። ስናጣራው ግን ወላጆች ገንዘባቸውን ከመክፈላቸው በፊት ሊያውቁት የሚገባ ጉዳይ ሆኖ አገኘነው። የጌም መብዛት በልጆች ሶላትና ትምህርት ላይ የሚያመጣውን ጣጣ ኢንሻአላህ በሌላ ጊዜ እንመለስበታለን። ዛሬ የምናወራው ስለ ገንዘቡና ስለ ንብረቱ ብቻ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ጌም በዲስክ ወይም ኒንቴንዶ እንደሚያደርገው በትንሽ ካርድ ላይ ተጭኖ ሲሸጥ ገዢው አንድ የሚጨበጥ ዕቃ ያገኛል። የጌሙ ፈጠራ፣ ሥዕሉና ሙዚቃው የኩባንያው እንደሆነ ይቀራል፤ ገዢው አባዝቶ መሸጥ አይፈቀድለትም። ያንን አንድ ዲስክ ግን እንዳሻው ያደርገዋል። ሲሰለቸው ይሸጠዋል፣ ለጎረቤት ልጅ ያውሰዋል፣ ለእህቱ ልጅ ይሰጠዋል። ሱቁ ቢዘጋ ዲስኩ መደርደሪያው ላይ አለ። በየቤታችን ያለውን የመንዙማ ካሴት አስቡት። ከ20 ዓመት በፊት የገዛነው ካሴት ክሩ ካልተበላ ዛሬም ይሰማል። ሻጩ ቤታችን ድረስ መጥቶ «መልሱልኝ» ሊለን አይችልም።

ይህ መብት በአሜሪካ በፍርድ ቤት የተከራከሩበት ነው። በ1904 አንድ አሳታሚ ድርጅት «ዘ ካስታዌይ» የተሰኘ ልቦለድ አሳተመና መጽሐፉን ከ1 ዶላር በታች መሸጥ እንደማይፈቀድ በውስጡ አተመበት። ሜሲስ የተባለው የኒውዮርክ ትልቅ መደብር ባለቤቶች ግን መጽሐፉን እያስመጡ በ89 ሳንቲም ይቸረችሩት ጀመር። አሳታሚው ከሰሰ። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደርሶ በ1908 አሳታሚው ተረታ። አንድን ቅጂ አንድ ጊዜ ከሸጠ በኋላ የዚያ ቅጂ ቀጣይ ዕጣ የገዢው እንጂ የእሱ አይደለም ተባለ። እዚያ አገር ያገለገለ መጽሐፍ የሚሸጠውም ሆነ ያገለገለ ጌም የሚነግደው ሱቅ የቆመው በዚህ መሠረት ላይ ነው።

ኩባንያዎቹ ይህን ያገለገለ ዕቃ ገበያ አይወዱትም። አንድ ዲስክ አምስት ቤት ሲዞር ኩባንያው የሚያገኘው የአንዱን ቤት ገንዘብ ብቻ ነውና። በ2013 ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋን የተባለውን መጫወቻ ሲያስተዋውቅ መሣሪያው በየ24 ሰዓቱ ከኢንተርኔት ጋር መገናኘት እንዳለበት፣ ዲስክ ማዋስና መልሶ መሸጥም ገደብ እንደሚኖረው ገለጸ። ተቀናቃኙ ሶኒ በጁን ወር አንዲት አጭር ቪዲዮ ለቀቀ። ቪዲዮዋ በፕሌይስቴሽን 4 ጌም እንዴት እንደሚዋዋሱ የምታስተምር ናት። አንዱ ሰው ዲስኩን ለሌላው ያቀብላል፣ ያኛው ያመሰግናል፣ አለቀ። ሰው ሳቀ፤ በማይክሮሶፍት ላይም ተቆጣ። ማይክሮሶፍት ብዙ ሳይቆይ ጁን 19 ቀን ሐሳቡን ሰረዘ።

የሚገርመው ያኔ በአደባባይ የተሸነፈው ሐሳብ ከዚያ ወዲህ ያለ ጩኸት በጓሮ በር መግባቱ ነው። በ2019 ማይክሮሶፍት ራሱ የዲስክ ማስገቢያ የሌለው ኤክስቦክስ አወጣ። በኖቬምበር 2020 የወጡት ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስና የፕሌይስቴሽን 5 ዲጂታል የተባለው ዓይነትም እንዲሁ ናቸው። በኖቬምበር 2024 ሶኒ ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮን በ700 ዶላር ገደማ ለገበያ ሲያቀርብ የዲስክ ማጫወቻው አብሮት አልነበረም፤ ለብቻው የሚገዛ ሆነ። ያን የማዋዋስ ቪዲዮ የሠራው ይኸው ሶኒ መሆኑን ልብ በሉ። ሰዉም ተከተለ። ዛሬ ሶኒ በሚያወጣው የሂሳብ ሪፖርት ውስጥ ከሚሸጡት ሙሉ ጌሞች አብዛኞቹ ከኢንተርኔት የሚወርዱ ናቸው።

በጁን 2025 የወጣው የኒንቴንዶ ስዊች 2 ደግሞ ሌላ ነገር ይዞ መጣ። ለአንዳንድ ጌሞች ሣጥን ትገዛላችሁ፣ ሣጥኑ ውስጥ ካርድ አለ፣ ካርዱ ላይ ግን ጌሙ የለም። ካርዱ ቁልፍ ብቻ ነው፤ ጌሙ የሚወርደው ከኢንተርኔት ነው። እውነት ለመናገር ይህ ከምንም ይሻላል፤ ካርዱን ለሌላ መስጠትም መሸጥም ይቻላልና። ጌሙ የሚወርድበት ቦታ የተዘጋ ዕለት ግን በእጃችን የሚቀረው በር የሌለው ቁልፍ ነው። ቦታው ደግሞ ይዘጋል። ኒንቴንዶ በማርች 2023 የሁለት ቀደምት መጫወቻዎቹን የኢንተርኔት መደብር ዘጋ፤ ማይክሮሶፍትም በጁላይ 2024 የኤክስቦክስ 360ን መደብር ዘጋ። ቀድሞ የገዛ ሰው መልሶ እንዲያወርድ ተፈቅዶለታል። እስከ መቼ እንደሆነ የሚወስነው ግን ኩባንያው ነው።

አሁን ወደ ወንድማችን ጥያቄ እንመለስ። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁልፍ «ግዛ» ይላል። ማንም የማያነበው ረጅሙ ውል ግን ሌላ ነው የሚለው። ሲጠቃለል፣ ለእርስዎ ይህን ጌም የመጠቀም ፈቃድ ሰጥተንዎታል፣ ፈቃዱ ለሌላ ሰው አይተላለፍም፣ በእነዚህና በእነዚህ ምክንያቶች ልናነሳው እንችላለን ማለት ነው። የተሸጠው ፈቃድ ነው፤ ጌሙ አይደለም።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ስጋት ነው የሚል ካለ የሆነውን እንንገረው። በጁላይ 2009 አማዞን ኪንድል በተባለው የመጽሐፍ ማንበቢያ መሣሪያ የሸጣቸውን ሁለት የጆርጅ ኦርዌል መጻሕፍት ከሰዎች መሣሪያ ላይ ከሩቅ ሆኖ አጠፋቸው። ምክንያቱ መጻሕፍቱን በመደብሩ ያቀረበው ድርጅት መብቱ የሌለው መሆኑ ነበር። የገዢዎቹ ገንዘብ ተመልሷል። ሆኖም ነገሩ መጽሐፍ ሻጭ ሌሊት ቤታችን ገብቶ መጽሐፉን ወስዶ ገንዘቡን ጠረጴዛ ላይ ጥሎልን እንደመሄድ ነው። ከሁለቱ አንዱ «1984» መሆኑ፣ ማለትም የተጻፈን ነገር እያጠፋ ስለሚኖር መንግሥት የሚተርከው መጽሐፍ መሆኑ፣ ብዙዎችን አስገርሟል። የኩባንያው መሪ ጄፍ ቤዞስም ይቅርታ ጠይቀዋል።

በዲሴምበር 2023 ደግሞ ሶኒ ከዲስከቨሪ ጋር የነበረው የፈቃድ ውል በማብቃቱ ሰዎች በፕሌይስቴሽን መደብር የገዟቸው የዲስከቨሪ ፕሮግራሞች በወሩ መጨረሻ ከእጃቸው እንደሚወጡ አስታወቀ። ጩኸት ተነሣ፤ ኩባንያዎቹ በአዲስ ውል ተስማሙና ፕሮግራሞቹ ቢያንስ ለ30 ወራት እንደሚቆዩ ተነገረ። ገዛሁ ብሎ ሂሳቡን የከፈለ ሰው የ30 ወር ቀጠሮ ተሰጠው ማለት ነው!

ከሁሉም በላይ የተጫዋቾችን ዓይን የገለጠው ግን «ዘ ክሩ» የተባለው የመኪና ውድድር ጌም ነው። ዩቢሶፍት የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ2014 ያወጣው ይህ ጌም ብቻን ለመጫወት እንኳ ከኩባንያው ሰርቨር ጋር መገናኘትን ይጠይቅ ነበር። ማርች 31 ቀን 2024 ሰርቨሩ ተዘጋ። ጌሙ ለሁሉም ሞተ። በኋላም ፈቃዱ ከገዢዎች አካውንት ላይ ተነሣ። እዚህ ላይ ወላጆች በደንብ ልታስተውሉት የሚገባ ነገር አለ። ይህ ጌም በዲስክም ተሸጧል። ዲስኩ ያላቸው ሰዎች ዲስኩ እጃቸው ላይ እያለ መጫወት አልቻሉም። ስለዚህ ዲስክ መያዝ ብቻውን ዋስትና አይደለም፤ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ወይ የሚለው ጥያቄ ይቀድማል።

ከዚህ በኋላ ሮስ ስኮት የተባለ አሜሪካዊ ጌሞች በዚህ ሁኔታ እንዳይገደሉ የሚጠይቅ ዘመቻ አስጀመረ። የአውሮፓ ኅብረት ዜጎች ደግሞ 1 ሚሊዮን ፊርማ ካሰባሰቡ ኮሚሽኑ ጥያቄያቸውን እንዲመለከት የሚያስገድድ አሠራር አላቸው፤ በዚሁ መንገድ ፊርማ ማሰባሰብ ተጀምሮ በጁላይ 2025 ሲዘጋ ከ1 ሚሊዮን በላይ ሰው ፈርሞ ነበር። ሰርቨር ለዘላለም ይከፈት አላሉም፤ እሱማ ገንዘብ የሚፈጅ ነገር ነው። የጠየቁት ኩባንያው ጌሙን ሲተው ገዢው በራሱ ሊጫወትበት በሚችል ሁኔታ እንዲተውለት ነው። ዩቢሶፍትም በ2024 ለተከታዩ «ዘ ክሩ 2» ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ አማራጭ እንደሚጨምር አስታውቋል። የካሊፎርኒያ ግዛት በበኩሏ በሴፕቴምበር 2024 ሕግ አወጣች። ከ2025 መግቢያ ጀምሮ ማንኛውም ሻጭ የሚሸጠው ፈቃድ መሆኑን በግልጽ ካልነገረ በስተቀር «ግዛ» የሚል ቃል መጠቀም አይችልም። ስቲም የተባለው ትልቁ የኮምፒውተር ጌም መደብርም ሕጉ ሳይጸና አስቀድሞ በክፍያ ገጹ ላይ የምትገዙት ፈቃድ ነው የሚል ማሳሰቢያ አስቀመጠ።

ለእኛ ለሙስሊሞች ይህ የቃል ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሽያጭና በኪራይ፣ በፊቅህ አነጋገር በበይዕና በኢጃራ መካከል ያለው ልዩነት ከሱቅ ጀርባ ያደገ ሁሉ የሚያውቀው ነው። በሽያጭ ዕቃው ራሱ ወደ ገዢው ይዛወራል። በኪራይ የሚተላለፈው ጥቅሙ ነው፤ ለዚህም ዋጋውና የሚቆይበት ጊዜ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። የሰፈራችን ጌም ቤት ልጅ እንኳ ውሉ ግልጽ ነው፤ አንድ ግጥሚያ ይህን ያህል ብር፣ ሲያልቅ ተነሥ። የኢንተርኔቱ ግዢ ግን ስሙ ሽያጭ፣ ጠባዩ ወደ ኪራይ ያደላ፣ ማብቂያው ያልተነገረ ነው። ይህ ውል በሸሪዓ ምን ስምና ምን ብያኔ እንዳለው መናገር የዑለሞች ድርሻ ነውና እኛ ፈትዋ ለመስጠት አንደፍርም። የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ ከፋዩ ምን እየከፈለበት እንደሆነ ይወቅ።

የውርስን ነገር ለምሳሌ እንውሰድ። አባት ሞቶ ከተዋቸው ንብረቶች መካከል መጻሕፍትና ዲስኮች ቢኖሩ ለወራሾቹ ይከፋፈላሉ። የስቲም አካውንት ግን በውሉ መሠረት ለሌላ ሰው አይተላለፍም፤ በኑዛዜም ቢሆን። ሞት ድረስ ሳንሄድ ሦስት ወንድማማቾች በአንድ አካውንት የተገዙ 20 ጌሞች ቢኖሯቸውና እያንዳንዳቸው ጎጆ ቢወጡ፣ ዲስክ ቢሆን ኖሮ ይካፈሉት ነበር። አካውንት አይከፈልም። በአውሮፓ ለዚህ ተስፋ ሰጪ ነገር ታይቶ ነበር። የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ2012 ከኢንተርኔት የወረደ የኮምፒውተር ፕሮግራም በተወሰነ ሁኔታ መልሶ ሊሸጥ እንደሚችል ወሰነ። አንድ የፈረንሳይ ሸማቾች ማኅበር ይህ ለጌምም እንዲሠራ በስቲም ባለቤት ላይ ክስ መሥርቶ በ2019 በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ረታ። በይግባኝ ግን ተሸነፈ፤ በኦክቶበር 2024 የአገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤትም ሽንፈቱን አጸናው።

በእኛ አገር ለሚኖሩ ቤተሰቦች ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለ። የፕሌይስቴሽን አካውንት ሲከፈት አገር ምረጡ ይላል። ዝርዝሩ ውስጥ አብዛኞቹ የአፍሪካ አገሮች ሳይካተቱ ቆይተዋል፤ ኢትዮጵያም ከእነዚሁ አንዷ ነች። ስለዚህ ልጆቹ አጎታቸው ያለበትን ሳዑዲን ወይም አክስታቸው ያለችበትን አሜሪካን ይሞላሉ። የስጦታ ካርድ ግን የሚሠራው በወጣበት አገር አካውንት ላይ ነው። አክስት ከዋሽንግተን በደግነት የላከችው የ50 ዶላር ካርድ በሳዑዲ ስም በተከፈተ አካውንት ላይ አይገባም። ከዚያም የባሰ፣ የማይኖሩበትን አገር መሙላት ትክክለኛ መረጃ ስጡ የሚለውን ውል መጣስ ነው። አካውንቱ ቢታገድ የተገዛው ሁሉ አብሮ ይታገዳል፤ አቤት ማለትም ያስቸግራል። በሜይ 2024 «ሄልዳይቨርስ 2» የተባለ ጌም በኮምፒውተር የሚጫወቱ ሰዎች የፕሌይስቴሽን አካውንት ማውጣት ግዴታቸው ነው ተብሎ ነበር። አገልግሎቱ በማይገኝባቸው 177 አገሮችና ግዛቶችም ጌሙ ከስቲም ሽያጭ ተነሣ። ገዢዎች በተቃውሞ ስላጥለቀለቁት ሶኒ ግዴታውን በቀናት ውስጥ ቢያነሣም፣ አገራቸው ዝርዝሩ ውስጥ ያልገባ ሰዎች በሰው ውሳኔ ሥር እንደሆኑ የታየበት አጋጣሚ ነበር።

የኢንተርኔቱን ወጪም አትርሱ። ከትልልቆቹ ጌሞች አንዳንዶቹ ከ100 ጊጋባይት በላይ ናቸው። በሞባይል ዳታ እናውርድ ቢባል ከጌሙ ዋጋ የማይተናነስ ገንዘብ ሊፈጅ ይችላል።

በሌላ በኩል ከኢንተርኔት መግዛት ጥቅም የለውም ማለታችን አይደለም። አይሰበርም፣ አይጫርም፣ ትንሹ ልጅ ወስዶ የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ አያደርገውም። ቅናሽ ሲኖር ዋጋው ከዲስክ በብዙ ይወርዳል። አነስተኛ የጌም ሠሪዎችም ዲስክ ማሳተምና ማጓጓዝ ሳያስፈልጋቸው ሥራቸውን ለዓለም ማድረስ ችለዋል። ጉዳቱ ግን ከአንድ ቤት ያልፋል። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ጠባቂ የሆነ አንድ የአሜሪካ ተቋም በ2023 ባወጣው ጥናት ከ2010 በፊት በዚያ አገር ከወጡ ጌሞች 87 በመቶ ያህሉ ዛሬ በገበያ እንደማይገኙ አሳይቷል። እነዚያን ጌሞች ዛሬ ማየት የሚቻለው በአብዛኛው አንድ ሰው ዲስኩን ወይም ካሴቱን ሳጥን ውስጥ አስቀምጦት በመቆየቱ ነው። ዛሬ በኢንተርኔት ብቻ የሚወጡት ሲዘጉ ማን ሳጥን ውስጥ ሊያስቀምጣቸው ይችላል?

እንግዲህ መጫወቻ ለመግዛት ያሰባችሁ፣ በተለይም ከባህር ማዶ ለዘመድ የምትልኩ፣ ከመክፈላችሁ በፊት የዲስክ ማስገቢያ ያለው መሆኑን በዓይናችሁ አረጋግጡ። የሁለቱ ዓይነቶች ሣጥን ይመሳሰላል። ከ2023 መጨረሻ ወዲህ በወጣው ቀጭኑ ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ማጫወቻው ለብቻው ተገዝቶ ሊገጠም ይችላል፤ በ2020 በወጣው ዲጂታል ዓይነት ላይ ግን አይገጠምም። የሚገጠመውም መጀመሪያ ሲገጠም አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ይጠይቃል። ጌም ስትገዙ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ መሆኑን ጠይቁ፤ ልጆቹ ያውቁታል። ኮምፒውተር ላላቸው ጂኦጂ የተባለው መደብር የሚሸጣቸውን ጌሞች አውርዶ በራስ ሃርድ ዲስክ ማስቀመጥና ያለ ሻጩ ፈቃድ መልሶ መጫን ይቻላል። አካውንቱን በትክክለኛ አገርና በወላጅ ኢሜይል ክፈቱ፤ ፓስዎርዱንም ጻፉት። በልጁ ጓደኛ ስልክ ቁጥር የተከፈተ አካውንት ልጆቹ የተጣሉ ዕለት አብሮ ይሄዳል።

ወንድማችንን ከሰሞኑ ከጁምዓ በኋላ አግኝተነው ነበር። ለልጆቹ አንድ ጌም ከኢንተርኔት ገዛላቸው፤ ለማውረድ ሦስት ሌሊት ፈጀ። ያንን የመርካቶውን ዲስክ ምን አደረግኸው ብንለው፣ የድሮ መጫወቻ ላለው ለጎረቤቱ ልጅ ሰጠሁት አለን። ልጁም ተጫውቶ ሲበቃው ለአጎቱ ልጅ አውሶታል። ዲስኩ አሁን ሦስተኛ ቤት ነው።